ማይግሬት ከማለታችሁ በፊት፦ ጃንጎ ዳታቤዛችሁ ላይ ሊሠራ ያሰበውን ቀድሞ ማየት

«ማይግሬት ብል ምን ይቀየራል? ሳይቀየር በፊት ማየት እችላለሁ?» በጃንጎ (በፓይተን ቋንቋ የዌብ መተግበሪያ መሥሪያ) ከሚሠሩ ልጆች ይህን ያህል የሚደጋገምብኝ ጥያቄ የለም። ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ደግሞ ማታ ነው። ኮዱ አልቋል፣ ደንበኛው ነገ ጠዋት ይጠብቃል፣ ጣት ኢንተር ላይ ነው። በቴሌግራም ቁርጥራጭ መልስ መስጠቱ አላዋጣም፤ አንዱን እርምጃ ነግሬ ሌላውን እረሳለሁ። ስለዚህ ሙሉውን እዚህ አስቀመጥኩት።

አዎ፣ ማየት ይቻላል። ግን አንድ ትዕዛዝ ብቻውን አይበቃም። አንዱ የትኞቹ ማይግሬሽኖች (ዳታቤዙ እንዴት እንደሚቀየር የሚናገሩ ፋይሎች) ተራ እየጠበቁ እንደሆነ ይነግራችኋል። ሌላው ምን ሊሠሩ እንደሆነ ይነግራችኋል። ሦስተኛው የሚሠሩበትን ኤስኪውኤል፣ ማለትም ለዳታቤዙ የሚሰጠውን ትዕዛዝ፣ ያሳያል። ሦስቱም የማያዩት ነገር አለ፤ እሱም ቴብሉ ውስጥ የተቀመጠው ዳታ ነው። ዳታው ምን እንደሚል የሚታወቀው ኮፒ ላይ በመለማመድ ብቻ ነው።

ምሳሌዬ የእቁብ መዝገብ የሚይዝ መተግበሪያ ነው። አፑ «እቁብ» ይባላል፤ «ሜምበር» እና «ፔይመንት» የሚባሉ ሁለት ሞዴሎች አሉት። አሁን ሦስት ማይግሬሽኖች ተራ እየጠበቁ ነው እንበል። 0007 «ፎን» የሚለውን ፊልድ ስሙን ወደ «ፎን_ነምበር» ይቀይራል። 0008 የፋይዳ ቁጥር መያዣ ኮለም ይጨምርና የተዘበራረቁትን ስልክ ቁጥሮች ወደ አንድ አጻጻፍ ያመጣል። 0009 ስልክ ቁጥር እንዳይደገም ይከለክላል፣ ክፍያዎች ላይ ደግሞ በቀን ኢንዴክስ (ፍለጋን የሚያፋጥን ማውጫ) ያደርጋል።

ትዕዛዞቹንና የሚያወጡትን ጽሑፍ እዚህ ያስቀመጥኩት በሚነበቡበት ድምፅ፣ በእኛው ፊደል ነው። ተርሚናል ላይ በላቲን ፊደል ትጽፏቸዋላችሁ። «ማኔጅ.ፓይ» ባልኩበት ሁሉ ከፊቱ «ፓይተን» አለ።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- ዲፕሎይ የሚደረገው ኮድ ራሱ። ትናንት የነበረው ብራንች አይሆንም፤ ሰርቨር ላይ የሚወጣው ኮሚት መሆን አለበት።
- ጃንጎ 4.2 ወይም ከዚያ በላይ። ከዚያ በታች ብትሆኑም አብዛኛው ይሠራል፤ ልዩነቱን ሁለተኛው እርምጃ ላይ እነግራችኋለሁ።
- ሰርቨሩ ላይ ያለው የዳታቤዝ ዓይነት በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ። ሰርቨሩ ፖስትግረስ ከሆነ እናንተም ፖስትግረስ፣ ቢቻል በዚያው ቨርዥን።
- የፕሮዳክሽን ዳታቤዝ (ተጠቃሚዎች የሚሠሩበት እውነተኛው) አዲስ ባካፕ፣ እና ሁለት ኮፒ የሚይዝ ባዶ ቦታ።
- ሰርቨር ላይ ቴሙክስ ወይም ስክሪን፤ ኢንተርኔታችሁ ቢቋረጥም ሥራውን የሚያስቀጥሉ ፕሮግራሞች ናቸው።

እርምጃ 1፦ ከየትኛው ዳታቤዝ ጋር እየተነጋገራችሁ እንደሆነ አረጋግጡ

ይህን የሚዘለው ሰው ብዙ ነው። እባካችሁ አትዝለሉት። ጃንጎ የሚጠብቀውን ማይግሬሽን የሚያውቀው ሁለት ነገር አስተያይቶ ነው። አንዱ ማይግሬሽንስ ፎልደር ውስጥ ያሉት ፋይሎች ናቸው። ሌላው ዳታቤዙ ውስጥ ያለው «ጃንጎ_ማይግሬሽንስ» የሚባል ቴብል ነው። የተሠራ ማይግሬሽን ሁሉ እዚያ ቴብል ላይ ከነቀኑ ይመዘገባል። እንግዲህ ዳታቤዙ ሌላ ከሆነ መልሱም የሌላ ነው ማለት ነው።

    ማኔጅ.ፓይ ዲቢሼል

ስትገቡ፣ ፖስትግረስ ከሆነ፣ ወደ ኋላ የተጋደመ ሰረዝ አስቀድማችሁ «ኮንኢንፎ» በሉ። የዳታቤዙን ስም፣ ዩዘሩን፣ ሆስቱንና ፖርቱን ይነግራችኋል። የምታውቁት ስም ካልሆነ እዚያው አቁሙ። ከትናንት የቀረ ኢንቫይሮመንት ቫርያብል ሰውን ፕሮዳክሽን ላይ ያስቀምጠዋል፤ እሱ ግን የራሱ ላፕቶፕ ላይ ያለ ይመስለዋል።

ፕሮዳክሽንን ለማየት ብቻ የምትጠቀሙበት፣ ማንበብ እንጂ መጻፍ የማይፈቀድለት የዳታቤዝ ዩዘር ብትፈጥሩ ጥሩ ነው። ለማየት ብቻ የሚሆኑት ትዕዛዞች ከማንበብ በላይ አይፈልጉም። በስህተት ማይግሬት ብትሉ እንኳ ዳታቤዙ ራሱ እምቢ ይላችኋል።

እርምጃ 2፦ ፋይል ያልተጻፈለት ለውጥ ቀርቶ እንደሆነ እዩ

ሞዴሉን ቀይራችሁ ሜክማይግሬሽንስ ሳትሉ ከቀራችሁ፣ ያ ለውጥ ከዚህ በኋላ ያሉት ትዕዛዞች ላይ አይታይም። ስለዚህ መጀመሪያ፦

    ማኔጅ.ፓይ ሜክማይግሬሽንስ --ቼክ --ድራይ-ረን

የጎደለ ነገር ካለ ይናገራል፣ ዜሮ ያልሆነ ኤግዚት ኮድም ይመልሳል። ከ4.2 በፊት «--ቼክ» ብቻውን ፋይሉን ይጽፍ ነበር፤ «--ድራይ-ረን» አብሮ ካለ የትኛውም ቨርዥን ላይ ምንም አይጻፍም። ሊጻፍ የነበረውን ፋይል ሙሉ ይዘቱን ማንበብ ከፈለጋችሁ፦

    ማኔጅ.ፓይ ሜክማይግሬሽንስ --ድራይ-ረን --ቨርቦሲቲ 3

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ትልቁ ጉዳት የሚደርሰው እዚህ ነውና። የፊልድ ስም ስትቀይሩ ጃንጎ እንዲህ ብሎ ይጠይቃል፦

    ዋዝ ሜምበር.ፎን ሪኔምድ ቱ ሜምበር.ፎን_ነምበር? [ዋይ/ኤን]

ኤን የምትለው ፊደል በትልቁ ተጽፋ ታዩአታላችሁ። ያ ማለት ምንም ሳትጽፉ ኢንተር ከመታችሁ መልሳችሁ «አይደለም» ነው። «አይደለም» ካላችሁ ደግሞ ጃንጎ የድሮውን ኮለም ያጠፋና አዲስ ባዶ ኮለም ይፈጥራል። ስልክ ቁጥሮቹ ሁሉ አብረው ይሄዳሉ።

እኔ ይህን ኢንተር መትቼው አውቃለሁ። ኮዱ ይሠራ ነበር፣ ቴስቱም አልፎ ነበር። ባዶው የስልክ ዝርዝር የታየው በማግስቱ፣ ለዕጣ የሚደወልበት ሰዓት ሲደርስ ነው። ያተረፈን የእቁቡ ጸሐፊ ደብተር ነው፤ የሁሉም ስልክ በእጅ ተጽፎበት ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ አንድ በአንድ መልሰን አስገባነው።

ሁለተኛ ወጥመድ አለ። ስሙን ቀይራችሁ በዚያው አፍታ የፊልዱንም ርዝመት ከቀየራችሁ፣ ጃንጎ ጨርሶ አይጠይቅም። ሁለቱ ፊልዶች ስለማይመሳሰሉበት አንዱ ጠፍቶ ሌላው እንደተወለደ ነው የሚቆጥረው። ስለዚህ መጀመሪያ ስሙን ብቻ ቀይሩና ፋይሉን አውጡ። ከዚያ ርዝመቱን ቀይሩና ሌላ ፋይል አውጡ። «--ኖኢንፑት» ያለበት ስክሪፕትም እንዲሁ ነው፤ ጥያቄ የለም፣ መልሱ «አይደለም» ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ሜክማይግሬሽንስን ሰርቨር ላይ አትጠቀሙ። እዚያ የተጻፈ ፋይል ጊት ውስጥ የለም። ቀጣዩ ዲፕሎይ ላይ ከእናንተ ፋይል ጋር ይጋጫል።

እርምጃ 3፦ የትኞቹ ተራ እየጠበቁ እንደሆነ ዘርዝሩ

    ማኔጅ.ፓይ ሾውማይግሬሽንስ

    እቁብ
     [×] 0006_ሜምበር_አድሬስ
     [ ] 0007_ሜምበር_ፎን_ነምበር
     [ ] 0008_ሜምበር_ፋይዳ_ነምበር
     [ ] 0009_ፎን_ዩኒክ_ፔይመንት_ኢንዴክስ

የኤክስ ምልክት ያለበት ተሠርቷል፤ ባዶው እየጠበቀ ነው። የአፑን ስም ጨምራችሁ አታጥብቡት። ፓኬጅ አፕዴት አድርጋችሁ ከሆነ የራሱን ማይግሬሽን ይዞ መጥቶ ሊሆን ይችላል። እናንተ ያልጻፋችሁት ማይግሬሽን መኖሩን የምታውቁት ሙሉ ዝርዝሩን ስታዩ ነው።

ሁለት ነገር ካያችሁ ወደፊት አትሂዱ። አንደኛ፣ ባዶው ከተሠሩት መካከል ገብቶ ከሆነ። አብዛኛውን ጊዜ የሁለት ሰው ብራንች ተዋህዶ ነው። አንዳንዴ ግን አንድ ሰው በእጁ የነካካው ነገር አለ፤ ጠይቁ። ሁለተኛ፣ አንድ ቁጥር የያዙ ሁለት ፋይሎች፣ ለምሳሌ ሁለት 0008፣ ካያችሁ። ሁለቱም ከ0007 የሚቀጥሉ ከሆነ ማይግሬት ግጭት አለ ብሎ ይቆማል። መፍትሔው «ሜክማይግሬሽንስ --መርጅ» ነው። ከመርጅ በኋላ ግን ከዚህ እርምጃ እንደገና ጀምሩ፤ ቅደም ተከተሉ ተቀይሯል።

እርምጃ 4፦ ዕቅዱን አንብቡ

    ማኔጅ.ፓይ ማይግሬት --ፕላን

ስሙ ማይግሬት ስለሚል ሰው ይፈራዋል። «--ፕላን» እስካለበት ድረስ ምንም አይነካም። ዕቅዱን ጽፎ ይወጣል።

    ፕላንድ ኦፐሬሽንስ፦
    እቁብ.0007_ሜምበር_ፎን_ነምበር
        ሪሙቭ ፊልድ ፎን ፍሮም ሜምበር
        አድ ፊልድ ፎን_ነምበር ቱ ሜምበር
    እቁብ.0008_ሜምበር_ፋይዳ_ነምበር
        አድ ፊልድ ፋይዳ_ነምበር ቱ ሜምበር
        ሮው ፓይተን ኦፐሬሽን
    እቁብ.0009_ፎን_ዩኒክ_ፔይመንት_ኢንዴክስ
        ኦልተር ፊልድ ፎን_ነምበር ኦን ሜምበር
        ክሪኤት ኢንዴክስ ...

0007ን እዩት። «ሪሙቭ» እና «አድ» ተከታትለው መጥተዋል። ያ ከላይ ያልኩት ስህተት ይኸውላችሁ። መሆን የነበረበት «ሪኔም ፊልድ» የሚል አንድ መስመር ነው። ዕቅዱን በዓይናችሁ ስትቃኙ «ሪሙቭ»፣ «ዲሊት»፣ «ኦልተር» እና «ሮው» የሚሉትን ቃላት ፈልጉ፤ የሌላው አደጋ ይቀላል።

0007ን ማንም የትም ዳታቤዝ ላይ ካልሠራው እዚያው ፋይሉ ውስጥ ማረም ይቻላል። ፋይሉን ከፍታችሁ ሁለቱን ኦፐሬሽኖች በአንድ «ሪኔምፊልድ» ተኩ። ከኋላው የሚመጣው 0008 በ0007 ስም ላይ ስለሚንጠለጠል ፋይሉ እንዳይጠፋ፣ ስሙም እንዳይቀየር ተጠንቀቁ።

«ሮው ፓይተን ኦፐሬሽን» የሚለው መስመር ባዶ ነው፤ ምን እንደሚሠራ አይናገርም። ማይግሬሽኑ ውስጥ የጻፋችሁት ፈንክሽን ዶክስትሪንግ (አናቱ ላይ የሚጻፍ ማብራሪያ) ካለው ግን ዕቅዱ ላይ ከጎኑ ይወጣል። «ስልክ ቁጥሮችን በ+251 እንዲጀምሩ ያደርጋል» ብላችሁ አንድ መስመር ጻፉ። ነገ ዕቅዱን የሚያነበው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።

እርምጃ 5፦ ኤስኪውኤሉን አንድ በአንድ አውጡ

ዕቅዱ «ኦልተር ፊልድ» ይላል እንጂ ፊልዱ ላይ ምኑ እንደተቀየረ አይናገርም። ይህን የሚያሳየው፦

    ማኔጅ.ፓይ ኤስኪውኤልማይግሬት እቁብ 0009

ይህም ምንም አይሠራም፤ ይጽፋል ብቻ። ዳታቤዙ ጋር የሚገናኘው የኮንስትሬንቶችን (እንደ «አይደገም» ያሉ ገደቦችን) ትክክለኛ ስም ለማወቅ ነው። ለዚህም ነው ፕሮዳክሽንን ከሚመስል ዳታቤዝ ጋር ተገናኝታችሁ ማውጣት ያለባችሁ።

ዳታቤዙ ሌላ ዓይነት ከሆነ ያነበባችሁት ከንቱ ነው። ኤስኪውላይት ላይ ብዙ ለውጦች የሚሠሩት አዲስ ቴብል ተፈጥሮ፣ ዳታው ተገልብጦ፣ የድሮው ተጥሎ፣ አዲሱ ስም ተቀይሮለት ነው። ያንኑ ማይግሬሽን ፖስትግረስ በአንድ መስመር ይጨርሰዋል። ላፕቶፓችሁ ላይ ኤስኪውላይት አይታችሁ ሰርቨሩ ፖስትግረስ ከሆነ፣ ያያችሁት የሚሠራውን አይደለም።

አሁን 0008ን እንይ፤ ኮሜንቶቹን ትቻቸዋለሁ፦

    ቢጊን፤
    ኦልተር ቴብል "እቁብ_ሜምበር" አድ ኮለም "ፋይዳ_ነምበር"
      ቫርቻር(20) ዲፎልት '' ኖት ነል፤
    ኦልተር ቴብል "እቁብ_ሜምበር" ኦልተር ኮለም "ፋይዳ_ነምበር"
      ድሮፕ ዲፎልት፤
    ኮሚት፤

የመጀመሪያው መስመር ኮለሙን ጨምሮ የነበሩትን አባላት በባዶ ጽሑፍ ይሞላል። ፖስትግረስ ከ11 ጀምሮ ይህን ቴብሉን እንደገና ሳይጽፍ ነው የሚያደርገው፤ ስለዚህ ፈጣን ነው። ሰው የማያስተውለው ሁለተኛውን መስመር ነው። ጃንጎ ዲፎልቱን መልሶ ያነሳዋል። በዲፕሎይ መካከል አሮጌው ኮድ ገና እየሠራ አዲስ አባል ልመዝግብ ካለ፣ ፋይዳ_ነምበር የሚባል ኮለም መኖሩን አያውቅምና ባዶ ይተወዋል። ዳታቤዙ ደግሞ ነል፣ ማለትም ባዶ ጽሑፍ እንኳ ያልተሰጠበትን፣ አይቀበልም። ለሁለት ደቂቃም ቢሆን ምዝገባው ኤረር ይሰጣል። ጃንጎ 5.0 እና ከዚያ በላይ ከሆናችሁ «ዲቢ_ዲፎልት» ተጠቀሙ፤ ዲፎልቱ ዳታቤዙ ውስጥ ይቀራል። ካልሆነ መጀመሪያ ኮለሙን ነል እንዲፈቅድ አድርጋችሁ አውጡት፣ በሚቀጥለው ዲፕሎይ አጥብቁት።

የ0007 ሪኔምም ተመሳሳይ ጣጣ አለው። ስሙ በተቀየረበት ቅጽበት አሮጌው ኮድ «ፎን» ብሎ ሲጠራ ኮለሙ የለም። ሲስተሙ ለጥቂት ደቂቃ ቢቆም የማይጎዳ ከሆነ ችግር የለም፤ ሰው የሌለበትን ሰዓት ምረጡ።

ስታነቡ የሚገጥሟችሁ ሌሎች ነገሮች፦

«ኖ-ኦፕ» የሚል ኮሜንት ብቻ ካያችሁ ዳታቤዙ ላይ ምንም አይነካም። «ቾይስስ» ወይም «ሄልፕ_ቴክስት» ስትቀይሩ ማይግሬሽን ይወጣል፣ ኤስኪውኤል ግን የለውም። በዚህ አትጨነቁ።

«ክሪኤት ኢንዴክስ» ካያችሁ ቴብሉ ትልቅ መሆኑን ጠይቁ። ፖስትግረስ ላይ ኢንዴክሱ ተሠርቶ እስኪያልቅ ድረስ ያ ቴብል ማንበብ እንጂ መጻፍ አይቻልበትም። ክፍያ የሚመዘገብበት ሰዓት ከሆነ ሰው ይቆማል። በጃንጎ የፖስትግረስ ኦፐሬሽኖች ውስጥ «አድኢንዴክስኮንከረንትሊ» የሚባል አለ፤ ሳያግድ ይሠራል። ከትራንዛክሽን (ወይ ሁሉም ይሠራል ወይ ሁሉም ይቀራል ከሚባልበት ጥቅል) ውጭ ስለሚሠራ ማይግሬሽኑ ላይ «አቶሚክ = ፎልስ» ማለት ግድ ነው። ለብቻው በሆነ ፋይል አድርጉት። መሃል ላይ ከተቋረጠ ዋጋ ቢስ የሆነ ኢንዴክስ ትቶ ይሄዳል፤ እሱን ጥላችሁ እንደገና መጀመር አለባችሁ።

የኮለም ዓይነት ሲቀየር፣ ለምሳሌ ከኢንቲጀር ወደ ቢግኢንት፣ ፖስትግረስ ቴብሉን በሙሉ እንደገና ይጽፋል፤ እስኪጨርስ ማንም አያነብም፣ አይጽፍም።

ፓይተን ኦፐሬሽን ያለበት ቦታ ላይ «ይህ በኤስኪውኤል ሊጻፍ አይችልም» የሚል ኮሜንት ታያላችሁ። እዚህ ሲደርስ ማያው ታውሯል ማለት ነው። የሚቀጥለው እርምጃ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

የትራንዛክሽኑ መክፈቻና መዝጊያ የሆኑት «ቢጊን» እና «ኮሚት» ከሌሉ ደግሞ ቆም በሉ። ማይኤስኪውኤል ላይ ከሆናችሁ አይኖሩም። የስኪማ (የቴብሎች አሠራር) ለውጥ እዚያ ወደ ኋላ አይመለስም። መሃል ላይ መብራት ወይም ኔትወርክ ቢሄድ ግማሹ ተሠርቶ ግማሹ ይቀራል፤ ጃንጎም ማይግሬሽኑን እንዳልተሠራ ነው የሚቆጥረው። ደግማችሁ ማይግሬት ስትሉ «ይህ ኮለም አለ» የሚል ኤረር ትቀበላላችሁ። ማይኤስኪውኤል ላይ አንድ ፋይል ውስጥ አንድ ለውጥ ብቻ አድርጉ።

እርምጃ 6፦ ኮፒ ላይ ተለማመዱ

    ፒጂ_ደምፕ -ኤፍሲ እቁብ_ፕሮድ > እቁብ.ደምፕ
    ክሪኤትዲቢ እቁብ_ልምምድ
    ፒጂ_ሪስቶር --ኖ-ኦውነር -ዲ እቁብ_ልምምድ እቁብ.ደምፕ

(ከ«-ኤፍሲ» ውስጥ ኤፉ ትልቅ ሆሄ፣ ሲው ትንሽ ነው። ለዳታቤዙ ስም የላቲን ስም ስጡት።) ሴቲንጉን ወደ ልምምዱ ዳታቤዝ አዙሩ፣ እርምጃ 1ን ድገሙ፣ ከዚያ፦

    ታይም ፓይተን ማኔጅ.ፓይ ማይግሬት

«ታይም» የፈጀውን ጊዜ ይነግራችኋል። ሦስት ሴኮንድ ከሆነ ቀን ላይም ይሠራል። ሃያ ደቂቃ ከሆነ ሌሊት ነው የሚሠራው፣ ወይም ማይግሬሽኑ ይከፋፈላል። ሰርቨሩ ከላፕቶፓችሁ ሊፈጥን ወይም ሊዘገይ ይችላል፤ ሆኖም በሴኮንድ እና በሰዓት መካከል ያለው ልዩነት አይጠፋችሁም።

ከጊዜው በላይ ግን ዳታው ነው የሚናገረው። በምሳሌያችን 0008 ቁጥሮቹን ሁሉ በ+251 እንዲጀምሩ ያደርጋል፣ 0009 ደግሞ እንዳይደገሙ ይከለክላል። ኤስኪውኤሉ ላይ ሁለቱም ፍጹም ትክክል ናቸው። ኮፒው ላይ ስትሠሩት ግን 0009 ይወድቃል። አንድ ሰው ሁለቴ ተመዝግቧል፤ አንዴ በ09፣ አንዴ በ+251። ከ0008 በፊት የተለያዩ ጽሑፎች ነበሩ። አጻጻፉ ሲስተካከል አንድ ሆኑ። ባልና ሚስት በአንድ ስልክ ተመዝግበውም ሊሆን ይችላል፤ ያ ደግሞ በኮድ የሚፈታ ጉዳይ አይደለም፣ ጸሐፊውን መጠየቅ ነው። ይህን ሁሉ ዓርብ ማታ ፕሮዳክሽን ላይ ከማወቅ ማክሰኞ ላፕቶፕ ላይ ማወቅ ይሻላል።

ማስጠንቀቂያ፦ ኮፒው ውስጥ የሰዎች እውነተኛ ስልክና የፋይዳ ቁጥር አለ። በቴሌግራም አትላላኩት፣ ፍላሽ ላይ አታስቀምጡት።

እርምጃ 7፦ የመመለሻውን መንገድም እዩ

ልምምዱ ካለፈ በኋላ፣ እዚያው ኮፒ ላይ፦

    ማኔጅ.ፓይ ማይግሬት እቁብ 0006 --ፕላን

ወደ 0006 ለመመለስ የሚደረገውን ይዘረዝራል። እያንዳንዱ የኦፐሬሽን መስመር «አንዱ» በሚል የእንግሊዝኛ ቃል ይጀምራል፤ የተሠራውን መቀልበስ ማለት ነው። «ኢሪቨርሲብል» የሚል ካያችሁ መመለሻ የለም። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ፓይተን ኦፐሬሽኑ ላይ «ሪቨርስ_ኮድ» አለመስጠት ነው። ሲመለስ ምንም መሥራት የማያስፈልግ ከሆነ «ረንፓይተን.ኑፕ» ስጡት። የኤስኪውኤል ደረጃውን ማየት ከፈለጋችሁ ኤስኪውኤልማይግሬት ላይ «--ባክዋርድስ» ጨምሩ።

ይህ መመለሻ ኮለም እንጂ ዳታ አይመልስም። የጠፋ ኮለም ወደ ኋላ ሲባል ባዶውን ይመጣል። ዳታ የሚመልስ ባካፕ ብቻ ነው።

እርምጃ 8፦ በዕለቱ

ፕሮዳክሽን ላይ ገብታችሁ «ማይግሬት --ፕላን» አንድ ጊዜ ድገሙና ከተለማመዳችሁት ጋር በመስመር አስተያዩ። በመካከል ሌላ ሰው ኮድ አስገብቶ ሊሆን ይችላል። አዲስ ባካፕ ውሰዱ። ቴሙክስ ውስጥ ግቡ፤ ኢንተርኔታችሁ ቢቋረጥ ማይግሬሽኑ ሰርቨሩ ላይ ይቀጥላል። ከዚያ፦

    ፒጂኦፕሽንስ='-ሲ ሎክ_ታይምአውት=5ኤስ' ፓይተን ማኔጅ.ፓይ ማይግሬት

«ፒጂኦፕሽንስ» ሙሉ በሙሉ በትልቅ ሆሄ ነው። ሥራው ይህ ነው፦ ኦልተር ቴብል ቴብሉን ለብቻው መያዝ ይፈልጋል። አንድ ሰው ረጅም ሪፖርት እያወጣ ከሆነ እሱ እስኪጨርስ ይጠብቃል። ችግሩ፣ ኦልተሩ ወረፋ ሲይዝ ከኋላው የመጣው ሁሉ፣ ለማንበብ ብቻ የመጣው ጭምር፣ ከእሱ ኋላ ይሰለፋል። ሲስተሙ የሞተ ይመስላል። በ5 ሴኮንድ ካላገኘ ይተወዋል፤ ሪፖርቱ ሲያልቅ እንደገና ትሞክራላችሁ። ሴቲንጋችሁ ላይ የራሱ «ኦፕሽንስ» ለዳታቤዙ ተሰጥቶ ከሆነ ሎክ_ታይምአውቱን እዚያው ጨምሩት።

በተደጋጋሚ የማያቸው ስህተቶች

«--ፌክ»ን ማያ አድርጎ መጠቀም። ስሙ ያሳስታል። ፌክ ለውጡን ሳይሠራ «ተሠርቷል» ብሎ ይመዘግባል። ከዚያ በኋላ ኮለሙ የለም፣ ጃንጎ ግን አለ ብሎ ያምናል። ለማየት «--ፕላን» እንጂ «--ፌክ» አይሆንም።

ዶከሩ ሲነሳ በራሱ ማይግሬት እንዲል ማድረግ። ኢንትሪፖይንቱ (ኮንቴነሩ ሲነሳ የሚሠራው ስክሪፕት) ውስጥ ያ መስመር ካለ፣ ለማየት ብላችሁ አዲሱን ኮንቴነር ስታስነሱት ሥራው አልቋል። ኢንትሪፖይንቱን ዘልሎ አንድ ትዕዛዝ ብቻ እንዲሠራ አድርጉ፣ ወይም መስመሩን አውጡና ማይግሬትን ለብቻው የዲፕሎይ እርምጃ አድርጉት።

አሮጌ ኢሜጅ ውስጥ ሆኖ ዕቅድ ማየት። «የሚሠራ ማይግሬሽን የለም» ይላል፤ እውነቱን ነው፣ አዲሶቹ ፋይሎች እዚያ የሉም።

ሁለት ዳታቤዝ ኖሮ አንዱን ብቻ ማየት። «--ዳታቤዝ» ካላላችሁት ዲፎልቱን ብቻ ነው የሚያየው።

የተሠራ ማይግሬሽን ፋይል ማረም። ጃንጎ የሚያስታውሰው ስሙን ነው፣ ይዘቱን አይደለም። ያረማችሁት መስመር ፕሮዳክሽን ላይ መቼም አይሠራም፤ ዕቅዱ ላይም አይታይም። አዲስ ፋይል ጻፉ።

ሲጨርስ ሾውማይግሬሽንስ በሉና ሁሉም ምልክት እንዳላቸው እዩ። አንድ አባል ከፍታችሁ ስልኩ መኖሩን በዓይናችሁ አረጋግጡ። ከዚያ ላፕቶፓችሁ ላይ ያለውን የልምምድ ዳታቤዝ በ«ድሮፕዲቢ» ጣሉ፣ የደምፕ ፋይሉንም አጥፉ።